ከፍ ያለችው ፕራዶ ለምን ታንገጫግጫለች?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የሱሉልታ ነዋሪ ናት። 2007 ሞዴል ባለ ናፍጣ ፕራዶ አላት፤ 120 የሚባለው ቅርጽ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከጫንጮ ገባ ብሎ ካለው የቤተሰቧ እርባታ 200 ሊትር ግድም ወተት ትጭናለች። በቀሩት ቀናት መኪናዋ ባዶ ናት ማለት ይቻላል። እናቷን ደግሞ በየወሩ ለሕክምና አዲስ አበባ ታመላልሳለች። ባለፈው ክረምት መኪናዋ ጭቃ ላይ በሆዷ እየተቀመጠች ስላስቸገረቻት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አስደረገቻት። ከፊት ቶርኖ ቤት የተቆረጠ የአሉሚኒየም ቀለበት በሞላው ራስ ላይ ገባ። ከኋላ ለከባድ ጭነት የሚሆን ረዘም ያለ ሞላ ተተካ። አሞርዛተሮቹ (የሞላውን ንጥረት የሚያበርዱት፣ ዘይት ያለባቸው ቱቦዎች) የድሮዎቹ ናቸው። ጎማውም ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 አደገ። "አሁን ጭቃውን ታልፋለች" ትላለች። "ግን እናቴ ከኋላ ተቀምጣ ወገቤ ተቆረጠ አለች። ጉብታ ስወርድ ከፊት 'ቋ' ይላል። ጋራዡ ከፊትም ጠንካራ ሞላ እንቀይር ይለኛል። ልስማው?"

እህቴ፣ አትስሚው። ከፊት ጠንካራ ሞላ ቢገባ ያ "ቋ" የሚለው ድምፅ አይጠፋም፤ ይብሳል። ምክንያቱን ረጋ ብዬ ላስረዳሽ። እሱ ከገባሽ ጋራዥ ስትሄጂ ምን እንደምትጠይቂ ራስሽ ታውቂያለሽ።

እኔ የምሠራው ለገጣፎ ዳር ባለች ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሞተር አልነካም። ሥራዬ የእግር ሥራ ብቻ ነው፤ ሞላ፣ ባሌስትራ (ዝርግ ብረት ተደራርቦ የሚሠራው ሞላ)፣ አሞርዛተር፣ ቴስቲና (ጎማውን ከእግሩ ክንድ ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ)፣ ጎሚኒ (በብረቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ)። አንድ መኪና ከፍ አድርጌ ስጨርስ ቁልፉን ለረዳቴ እሰጠውና እኔ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ከዚያ ወደ ኮሮኮንቹ እንወጣለን። ሹፌር መሪ ይዟል፣ ጉድጓዱን ቀድሞ ያያል፣ ሰውነቱም ይዘጋጃል። ከኋላ ያለ ሰው ግን ሳያስበው ነው የሚመታው። በዚያ ላይ የኋላው ወንበር ለኋላ እግር ይቀርባል። ስለዚህ አንቺ "ደህና ናት" ብትይና እናትሽ "ወገቤ" ቢሉ፣ እኔ የማምነው እናትሽን ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። ኮሮኮንች ላይ ጎማ ሁለት ሥራ አለው። ድንጋይ ሲያገኝ ወደ ላይ ይወጣል። ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ይወርዳል። ሰው ሁሉ የሚያስበው መውጣቱን ነው። መኪና ከፍ ሲል "ለጎማው መውጫ ቦታ ተገኘ" ይላል፤ እውነትም ተገኝቷል። የሚረሳው መውረዱ ነው። ጎማው ወደ ጉድጓዱ መውረድ ካልቻለ የሚወርደው መኪናው ራሱ ነው፣ ከነተሳፋሪው።

መኪና ቆማ ሳለች ሞላው በክብደቷ በከፊል ተጨምቆ ነው ያለው። አሞርዛተሩም ሙሉ በሙሉ ሳይሳብ፣ ሙሉ በሙሉም ሳይገባ፣ መሃል አካባቢ ይቆማል። ከዚያ ወደ ታች ለመሳብ የቀረው ርዝመት ነው ጉድጓድን የሚውጠው። እኛ ጋራዥ "መውረጃ" እንለዋለን። ፋብሪካው መውረጃ የተወው አውቆ ነው።

ያንቺን መኪና እንይ። የፕራዶ 120 የኋላ እግር ላይ ሞላውና አሞርዛተሩ ለየብቻ ናቸው። አዲሱ ሞላ የመኪናዋን ጀርባ 5 ሴንቲ ሲያነሳ፣ አሞርዛተሩ ገና ቆማ እያለች ወደ 5 ሴንቲ ግድም ተስቦ ይጠብቃል። ርዝመቱ አልተቀየረማ። ለምሳሌ መጀመሪያ 9 ሴንቲ መውረጃ ቢኖረው አሁን የቀረው 4 ነው። 7 ሴንቲ የሚጠልቅ ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው 4 ይወርድና አሞርዛተሩ ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ ያ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ከባድ አክስል ከነዲፈረንሻሉ (መሃሉ ላይ ካለው የማርሽ ቤት) እና ከነጎማዎቹ አሞርዛተሩ ላይ ተንጠልጥሎ የመኪናዋን ጀርባ ቁልቁል ይጎትታል። እናትሽ ወገባቸው ላይ የሚሰማቸው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ከፊት ደግሞ ሞላውና አሞርዛተሩ አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰክተው ነው የሚሠሩት። ቀለበቱ በሞላው ራስ ላይ ሲገባ ሞላውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ አሞርዛተሩ ግን እንደ ኋላው ተስቦ ይቆማል። ጉብታ ላይ ወጥተሽ ስትወርጂ የፊት ጎማው ለአፍታ ይንጠለጠላል። ያኔ አሞርዛተሩ እስከ ጫፉ ተስቦ ውስጥ ለውስጥ ይመታል። "ቋ" የሚለው እሱ ነው። ጠንካራ ሞላ ብታስገቢ መኪናዋን ይበልጥ ያነሳታል፤ መውረጃው ይበልጥ ያጥራል፤ ምቱም በርትቶ ይመጣል። አትስሚው ያልኩሽ ለዚህ ነው። እርግጥ ነው፣ የላላ ቴስቲና ወይም የተበላ የስታቢላይዘር ማያያዣም ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ መካኒኩ እነሱን በእጁ ነቅንቆ ይይልሽ።

እግረ መንገዴን ስለ ቀለበቱ ውፍረት ልንገርሽ። የፊቱ ሞላ የሚያርፈው ጎማው ላይ ሳይሆን ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር በሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ወገብ ላይ ነው። ስለዚህ ከላይ የተጨመረ 2.5 ወይም 3 ሴንቲ፣ ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ 5 ሴንቲ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው "5 ሴንቲ ከፍ አድርግልኝ" ሲሉት 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ቀለበት ይቆርጣል። እንዲህ የተሠራች ፕራዶ እኔ ጋ ደርሳ ነበር። የፊት ሲቪ ጆይንቷ (ለጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ መታጠፊያ) ላስቲክ ተቀዶ ቅባቱ ቸርኬው ላይ ሁሉ ተረጭቷል። የላይኛው ቴስቲናም ከአቅሙ በላይ ተጣሞ አልቋል። ያንቺን ቀለበት በካሊፐር አስለኪ። ከ3 ሴንቲ በላይ ከሆነ ዛሬውኑ ይውጣ።

ቀለበቱን ከሞላው ራስ ላይ ሳይሆን ሞላውና አሞርዛተሩ ተሰክተው ከተሠሩበት ሙሉ ዕቃ በላይ፣ ከቻንሲው (ከመኪናዋ የብረት አጽም) ጋር በሚታሰርበት ቦታ የሚያስገቡም አሉ። ያኛው የአሞርዛተሩን መውረጃ አይነካም። ነገር ግን ጎማው ከተፈቀደለት በታች ይወርድና ቴስቲናውንና ሲቪ ጆይንቱን ይጎዳል። የትኛው እንደገባልሽ ጠይቂ።

መውረጃሽን መለካት ቀላል ነው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ሳለ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ድረስ ቀጥ አድርገሽ ለኪ። አራቱንም ጎማ ጻፊ። ከዚያ ማንሻ ያለው ጋራዥ ሂጂና በቻንሲዋ አንስተው ጎማዎቹ እንዲንጠለጠሉ ያድርጉ። እንደገና ለኪ። የሁለቱ ልዩነት መውረጃሽ ነው። እኔ ከ8 ሴንቲ በላይ ሳገኝ ደስ ይለኛል። ከ6 በታች ከሆነ በኮሮኮንች ላይ ምቾት አትጠብቂ። ቤት ውስጥ በክሪክ ለማድረግ አትሞክሪ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅ አይገባም።

ሁለተኛው ጣጣ የኋላው ሞላ ጥንካሬ ነው። ባዶ አይሱዙ ኮሮኮንች ላይ ሲሄድ አይተሻል። የኋላው እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ረዳቱ ከላይ ከሆነ ነፍሱን ይዞ ነው። ያው አይሱዙ 30 ኩንታል ጤፍ ሲጭን ግን እየተንሳፈፈ ያልፋል። መንገዱ አልተለወጠም፤ ባሌስትራውም አልተለወጠም። የተለወጠው ክብደቱ ነው። ሞላ የሚሠራው ለተወሰነ ክብደት ነው። ክብደቱን ካላገኘ አይጨመቅም፤ ካልተጨመቀ ደግሞ እንጨት ነው።

መሐንዲሶች ይህን በቁጥር ይገልጹታል። በደንብ የተሠራ የቤት መኪና ጉብታ ካለፈ በኋላ በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ይወዛወዛል። ለሰው የእርምጃ ፍጥነት የቀረበ ስለሆነ ሰውነት አይጨነቅበትም። ሞላው ሲጠነክር ወይም ክብደቱ ሲቀንስ ውዝዋዜው ይፈጥናል። የተቀመጠ ሰው ከሥር ወደ ላይ ለሚመጣ ንቅናቄ በጣም የሚሳሳው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ሲሆን ነው። ሆድና አከርካሪ አብረው የሚርገበገቡት እዚያ ላይ ነው። መኪናዋ እዚያ ድረስ ባትሄድም ወደዚያ በቀረበች ቁጥር ወገብ ያውቀዋል።

ያንቺ ችግር ጭነቱ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መሆኑ ነው። 200 ሊትር ወተት ከ200 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። በነዚያ ሁለት ቀናት ጠንካራው ሞላ ትክክል ነው፤ መኪናዋ ጥሩ ትሄድልሻለች። እናትሽን ይዘሽ የምትወጪው ግን በባዶዋ ነው። ከባድ ሞላ የሚገባው ጭነቱ ከመኪናው ለማይወርድ ሰው ነው። ሁልጊዜ የብረት ቡልባርና ዊንች፣ የጣራ ፖርቶመጋላ፣ ተጨማሪ ታንከር ተሸክሞ ለሚኖር አስጎብኚ መኪና ማለቴ ነው። የታወቁት የሊፍት (የመኪና ከፍ ማድረጊያ ዕቃ) ሠሪዎች፣ ለምሳሌ የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ፣ ለአንድ ሞዴል የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው ሞላዎች የሚያወጡት ለዚህ ነው። ሶማሌ ተራ ወርደሽ "የፕራዶ ሊፍት ሞላ" ካልሽ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጥሽ መደርደሪያው ላይ የተገኘውን ነው። ሻጩን "ለስንት ኪሎ ቋሚ ጭነት ነው?" ብለሽ ጠይቂ። መልስ ከሌለው አትግዢ።

ላንቺ የምመክረው ከኋላ መካከለኛ ሞላ፣ በሞላው ውስጥ ደግሞ የአየር ፊኛ ነው። ፊኛው ጥቅልሉ ውስጥ ይገባል፤ በቀጭን ቱቦ ከውጭ ይነፋል። ወተት የምትጭኚ ቀን ትነፊዋለሽ፤ ጀርባዋ አይወርድም። ስታራግፊ አየሩን ትቀንሻለሽ፤ ሞላው ልስላሴውን ያገኛል። ለእንዳንቺ ዓይነት ኑሮ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላየሁም። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ፊኛውን በባዶ መኪና ጠጥሮ አትተዪው፤ ያለበለዚያ ያው ጠንካራ ሞላ ሆነ ማለት ነው። የወተቱን ዕቃ ደግሞ በተቻለ መጠን ወደ ፊት፣ ወንበሩ ጀርባ አስጠግተሽ እሰሪ። ከኋላ አክስል ወደ ውጭ ያለፈ ጭነት የፊት ጎማውን ያቀለዋል።

አሞርዛተር ላይ ልቆይ፤ ሰው ገንዘብ የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነውና። ሞላ ምቱን ይቀበላል እንጂ አያጠፋውም። ተቀብሎ መልሶ ይሰጣል። የሚያጠፋው አሞርዛተር ነው፤ እንቅስቃሴውን በዘይቱ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ጠንካራ ሞላ ሲመለስ በኃይል ነው። ለለስላሳ ሞላ የተሠራ አሞርዛተር ያንን ኃይል አይዘውም። ከዚያ መኪናዋ ጉብታ ላይ ትመታሽና ቀጥላ ሁለት ሦስቴ ትነጥራለች። ከኋላ የተቀመጡ ልጆች የሚያስመልሳቸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በተቃራኒው አሞርዛተሩ ከሞላው በላይ ከጠነከረ ሞላውን አላሠራም ይለዋል፤ ትንሿ ጠጠር ሁሉ ወንበር ድረስ ትመጣለች። ስለዚህ ሞላና አሞርዛተር አብረው ይገዛሉ፣ ለአንድ ክብደት፣ ለአንድ ከፍታ። ከፍታው ሲጨምር አሞርዛተሩም ረዝሞ የተሠራ መሆን አለበት። ያጣሽው መውረጃ የሚመለሰው በዚያ ነው።

የአሁኖቹ አሞርዛተሮችሽ በሕይወት መኖራቸውን ለማወቅ ፓራውልቱን መጫን ብዙም አይነግርሽም፤ እንደዚህ ያለ ከባድ መኪና በእጅ አይፈተንም። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ኮሮኮንች ላይ ነድቼ ወዲያው እቆማለሁ። አራቱንም አሞርዛተሮች በጥንቃቄ፣ በእጄ ጀርባ እቀርባለሁ። የሠራ አሞርዛተር ይሞቃል። ሦስቱ ሞቀው አንዱ ከቀዘቀዘ ያ አንዱ ሞቷል። ዘይት ያላበው ካለ ደግሞ ምንም ምርመራ አያስፈልገውም። ያ እንደ ቆርቆሮ ጣራ የተሸበሸበው የጠጠር መንገድ አሞርዛተርን በጣም ያሞቃል። እዚያ ላይ "ፈጥኜ ስሄድ ይለሰልሳል" የሚሉ ሹፌሮች አሉ። ይለሰልሳል፤ ምክንያቱም ጎማው የሽብሽቡን ጫፍ ጫፍ ብቻ እየነካ ነው። መሬት የማይነካ ጎማ ግን ፍሬንም መሪም የለውም።

ወደ ጎማ ልምጣ። አየርሽን አልጻፍሽልኝም። ነገር ግን ጎሚስታ ጋ ስትሄጂ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። "የላንድክሩዘር ጎማ ነው" ይልና 45 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይሞላዋል። አዲሱ ጎማሽ ለፒካፕና ለጭነት የሚሠራው ዓይነት ከሆነ፣ ጎኑ ላይ ከቁጥሩ በፊት ኤልቲ የሚል ታገኛለሽ። ግድግዳው ወፍራምና ደረቅ ነው፤ ክብደቱም ከድሮው ይበልጣል። እሱ ላይ 45 ከተጨመረበት ጎማ መሆኑ ይቀርና ድንጋይ ይሆናል። ጎማ የመጀመሪያው ሞላ ነው፤ ትናንሾቹን ጠጠሮች የሚውጣቸው እሱ ብቻ ነው። ፋብሪካው የሚፈልገው አየር የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ኤልቲ ጎማ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ይፈልጋል። ባዶ ሆነሽ በአስፋልት 33 ወይም 34 ላይ ጀምሪ። ወተት ስትጭኚ ኋላውን ወደ 38 አድርሺው። ከጫንጮ ወደ ውስጥ በዝግታ ስትሄጂ 28 ድረስ ብትቀንሺ የሚሰማሽ ልዩነት የሊፍት ያህል ነው። ወደ አስፋልቱ ከመውጣትሽ በፊት ግን መልሰሽ ሙዪ፤ ለስላሳ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል፣ ይፈነዳል። ከሲጋራ መለኮሻው የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዢ። አየር የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው።

ይህን ከሁሉ በፊት አድርጊው። ነፃ ነው። አየር ብቻ አስተካክለን "መኪናዬን ቀየርክልኝ" ያለኝ ደንበኛ አለ።

አሁን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልንገርሽ፤ መኪናሽን ከፍ ያስደረግሽው ለጭቃው ስለሆነ ይመለከትሻል። የፕራዶ የኋላ አክስል ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ ብረት ነው። መሃሉ ላይ ያለው የዲፈረንሻል ድብልብል የመኪናዋ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ሞላው መኪናዋን ሲያነሳ የሚነሳው ቻንሲው ነው። ዲፈረንሻሉ ግን ከጎማው ጋር እዚያው መሬት አጠገብ ቀርቷል። 5 ሴንቲ ብታነሺም፣ 10 ብታነሺም ዲፈረንሻሉ አንድ ሚሊ ሜትር አይነሳም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። የድሮው ጎማሽ ቁመቱ 77.6 ሴንቲ ግድም ነበር፤ አዲሱ 80.3 ነው። ግማሹ ነው ከመሬት የሚያርቀው፤ ስለዚህ ያተረፍሽው 1.3 ሴንቲ ነው። በነገራችን ላይ ለዚህ ጎማ የፍጥነት ቆጣሪው አልተስተካከለም፤ በድሮው ጎማ ልክ ከነበረ አሁን 100 ሲልሽ ወደ 103 እየሄድሽ ነው።

ያ ማለት ሊፍቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የፊት ፓራውልቷ ቦይ ሲገጥማት አይነካም። የጎን መርገጫዋ ድንጋይ አይመታም። ሆዷም ጉብ ካለ ቦታ ላይ አይቀመጥም፤ አንቺም ያየሽው ለውጥ ይህ ነው። የጫንጮ መሬት ግን መረሬ ነው። በበጋ ተሰንጥቆ ይታያል፤ በክረምት ዝናብ ጠጥቶ ያብጥና ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። አይሱዙና ትራክተር ያረሰው ቦይ ውስጥ ከገባሽ መሃሉ ላይ የቀረው ጉብታ የሚያገኘው ዲፈረንሻሉን ነው። እዚያ የሚያወጣሽ ቁመት አይደለም። ጭቃውን የሚተፋ ጥርስ ያለው ጎማ፣ የቀነሰ አየር፣ ቀድሞ የገባ ከባድ ማርሽና ከቦዩ ወጥቶ ሁለቱን ጠርዝ ይዞ መንዳት ነው። ይህን የምልሽ ተጨማሪ 3 ሴንቲ ከፍ ለማድረግ እንዳታስቢ ነው። የሚፈልግሽ ጋራዥ አይጠፋም።

ከፍታው ራሱ የሚያመጣቸውን ሌሎች ጣጣዎች በፍጥነት ልለፋቸው። ከሊፍት በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ነው። የፊት ጎማው አቀማመጥ ስለሚለወጥ መሪው በራሱ መመለስ ያቅተዋል፣ አስፋልት ላይ ያቅበዘብዛል፣ ጎማውም በአንድ ጎን ያልቃል። ፕራዶ ላይ 5 ሴንቲ የመጨረሻው ወሰን ነው እላለሁ፤ ከዚያ ካለፈ የላይኛው ክንድ ራሱ መቀየር አለበት። የፍሬን ቱቦዎቹ ጎማው ሲንጠለጠል እንዳይወጠሩ ይታዩ። የፊት መብራቱ ወደ ታች ይስተካከል። በእንጦጦ በኩል ወደ አዲሱ ገበያ በማታ ስትወርጂ ከታች የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ታጠፊያለሽና። ከፍ ያለች መኪና ደግሞ ቶሎ ትገለበጣለች። ኩርባው ላይ የድሮው ፍጥነትሽ የድሮው መኪና ፍጥነት ነበር።

ሌላ መኪና ያላችሁም ስለምታነቡ ሁለት ቃል ልበል። የድሮ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር 100 ከፊት ጥቅልል ሞላ የላቸውም፤ የሚጠመዘዝ ዘንግ ነው ያላቸው። እዚያ ላይ መካኒኩ አንድ ብሎን አጥብቆ በአምስት ደቂቃ ከፍ ያደርጋችኋል። ዕቃ አልተገዛም፣ ደስ ይላል። ዘንጉ አልጠነከረም፤ መውረጃችሁ ግን ተበልቷል፤ ያው በሽታ ነው። ሃርድቶፕ ያላችሁ ከኋላ ተጨማሪ ባሌስትራ ከማስገባታችሁ በፊት ያሉትን አስፈትታችሁ አሳጥቡ። በመካከላቸው ጭቃና ዝገት ሲገባ ይያያዛሉ፤ አልንቀሳቀስም ይላሉ። ራቭ4ና ቱሳን የመሳሰሉትን ደግሞ ባትነኳቸው ይሻላል። ለጎማው ኃይል የሚያደርሰው የፊት ዘንጋቸው ለዚያ ማዕዘን አልተሠራም። የኋላቸው በአየር ከረጢት የሚቆም ፕራዶ ያላችሁም ቀለበት እንዳታስገቡ።

ወዳንቺ ልመለስ። በዚህ ሳምንት አየሩን አስተካክዪ። እናትሽን ከፊት ወንበር አስቀምጫቸው፤ ከኋላ አክስሉ ስለሚርቅ ልዩነቱን ወዲያው ይነግሩሻል። ቀለበቱን አስለኪ፣ መውረጃውን አስለኪ። ከዚያ ገንዘብ ሲኖርሽ የመጀመሪያው ወጪ የኋላው ይሁን። መካከለኛ ሞላ፣ ለከፍታው የሚመጥን ረዘም ያለ አሞርዛተር፣ የአየር ፊኛ። ቀጥሎ የፊቱ። ቀለበቱ ይውጣና ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ከፍ የሚያደርግ ሙሉ ሞላና አሞርዛተር አብሮ ይግባ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ቀለበቱን አውጥተሽ የፊቱን ወደ ፋብሪካው ቁመት መልሺው። ፊቷ ዝቅ፣ ጀርባዋ ከፍ ብላ ትንሽ ጊዜ ብትቆይ ያስቀይም ይሆናል፤ የፊት እግሯን ግን አታጪም። መኪናዋ ዕድሜ ስላላት የክንዶቹን ጎሚኒዎች በዚያው አስቀይሪ። የደረቀ ጎሚኒ ይዞ አዲስ አሞርዛተር መግጠም ጉልበት ማባከን ነው። ሲገጠም የጎሚኒዎቹ ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ከቆመች በኋላ ነው፤ ተንጠልጥላ ሳለች ከተጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ይጠጥራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ይህን አንድ ነገር ቆመሽ እዪ። ብዙ ጋራዥ የሚዘለው እሱን ነው።

መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዳንቺ ያለችን መኪና በቀላሉ መተካት አይቻልም። ስለዚህ ቸኩለሽ ምንም እንዳታስደርጊባት። የአራቱን ጎማዎች ሁለት ሁለት ልኬትና የቀለበቱን ውፍረት ጻፊልኝ። የጎማውን ጎን ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝም ጥሩ ነው። የሞላውን ጥንካሬ በዚያ ላይ ተነስቼ እነግርሻለሁ።